የሚያስፈራን ማን ነው? በሲኒማ ስለሚታዩ ጭራቆች የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አባታችን አዳም ትእዛዝ ካፈረሰ በኋላ የእግዚአብሔርን ድምፅ በሰማ ጊዜ እንደ ፈራ፣ ስለ ፈራም በገነት ዛፎች መካከል እንደ ተሸሸገ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 3 ይነግረናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ከሰው ልጅ አልተለየም። ሰው ጨለማን ይፈራል፤ አውሬን ይፈራል፤ ሞትን ይፈራል። እጅግ የሚያስደንቀው ግን መፍራቱ ሳይሆን፣ የሚፈራውን ነገር በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ገንዘብም ከፍሎ፣ በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ ማየቱ ነው። ሲኒማ ከተፈለሰፈ ወዲህ አስፈሪ ፍጥረታትን የሚያሳዩ ፊልሞች ተመልካች አጥተው አያውቁም። ዛሬ ደግሞ ወደ አዳራሽ መሄድ እንኳ ሳያስፈልግ፣ ከ70ና ከ90 ዓመት በፊት የተሠሩት ሁሉ በእጅ ስልክ እስከ ልጆች መኝታ ድረስ ገብተዋል።

በዚህ ነገር ምእመናን በሁለት ወገን ተከፍለው እናያቸዋለን። አንዱ ወገን እነዚህ ፊልሞች የሰይጣን ሥራ ናቸውና ካህናት ይገዝቱልን ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ነገሩ ጎማና ቀለም ነውና ምን ይጎዳል ይላል። እኛ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ የተሰሎንቄን ሰዎች ሁሉን መርምረው መልካሙን እንዲይዙ እንዳስተማራቸው፣ ሳንመረምር መኰነንንም ሆነ ሳንመረምር መቀበልን አንወድም። ስለዚህ ከቀድሞዎቹ ፊልሞች የታወቁትን ሦስቱን በተለይ መርጠን፣ የሚያሳዩት ጭራቅ ከወዴት እንደ መጣና ሰዎቹ ምን እንዳደረጉበት እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ሠርቶ ስለ ተወ ሰው

በ1816 በበጋ ወራት፣ በኋላ ሜሪ ሼሊ ተብላ የታወቀች የ18 ዓመት እንግሊዛዊት በስዊስ አገር በጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ሳለች አንድ ታሪክ መጻፍ ጀመረች። መጽሐፉም በ1818 “ፍራንከንስታይን” ተብሎ ታተመ። በ1931 ዩኒቨርሳል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጄምስ ዌል አዘጋጅነት ፊልም አደረገው፤ ፍጡሩንም ሆኖ የታየው ቦሪስ ካርሎፍ ነው።

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ፍራንከንስታይን የተባለ ሊቅ የሙታንን አካል እየሰበሰበ ገጣጥሞ በመብረቅ ኃይል ሕይወት ይሰጠዋል። የፍጡሩ እጅ በተንቀሳቀሰ ጊዜ በደስታ ሰክሮ ራሱን ከአምላክ ጋር የሚያስተካክል ቃል ይናገራል። ይህም ቃል ከድፍረቱ የተነሣ በኋላ ዘመን ፊልሙ ዳግመኛ ሲታይ እንዳይሰማ ተደርጎ ነበር። ብዙ ሰው የሊቁ ኃጢአት ይህ ቃል ብቻ ይመስለዋል። እኛ ግን ከዚህ የሚከፋ ኃጢአት ቀጥሎ እንዳለ እናስተውላለን፤ ይኸውም የሠራውን መተዉ ነው።

ፍጡሩ በመጀመሪያ ማንንም አልነካም። ከጣራው መስኮት ብርሃን በወረደለት ጊዜ ሁለት እጆቹን ወደ ብርሃኑ ዘረጋ። መስኮቱ ግን ተዘጋበት፤ ቀጥሎም ያገኘው ሰንሰለት፣ ጅራፍና በፊቱ የሚወዛወዝ ችቦ ነው። ሠሪው ይገደል ዘንድ ለሌላ ሰው ትቶት ወደ ሠርጉ ዝግጅት ሄደ። ስም እንኳ አላወጣለትም። በፊልሙ መጀመሪያ የተዋንያን ስም ሲዘረዘር በፍጡሩ አንጻር የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። ዛሬም ዓለም የሚጠራበት ስም አጥቶ በሠሪው ስም ፍራንከንስታይን እያለ ይጠራዋል። ሳያውቀው ይሁን እንጂ ፍርዱ የቀና ነው፤ የጭራቁን ስም የሚሸከም ሠርቶ የተወው ሰው ነውና።

ከዚያ በኋላ ፍጡሩ ከሐይቅ ዳር አንዲት ትንሽ ልጅ አገኘ። ከሰው ሁሉ እርስዋ ብቻ አልሸሸችውም፤ እጁን ይዛ አበባ ሰጠችው። ሁለቱም አበባውን ወደ ውኃው እየጣሉ ሲንሳፈፍ ተመለከቱ። አበባው ባለቀ ጊዜ እርስዋም እንደ አበባው የምትንሳፈፍ መስሎት አንሥቶ ወረወራት፤ ሰጠመችም። ይህ ክፍል ከጭካኔው የተነሣ በብዙ አገር ተቈርጦ ኖሮ ከ50 ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው። ልብ አድርጉ፤ ልጅቱን የገደላት የፍጡሩ ክፋት አይደለም። ልጅ አበባ እንዳልሆነች የነገረው ሰው ባለመኖሩ ሞተች።

እግዚአብሔርስ ፍጡሩን እንዴት ያዘ? አዳምን ከምድር አፈር አበጅቶ እስትንፋስን ሰጠው። አዳምም ወድቆ በተሸሸገ ጊዜ ፈጣሪው ሊያጠፋው ሳይሆን ወዴት እንዳለ እየጠየቀ ሊፈልገው መጣ፤ ዕራቁቱንም አለበሰው። ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ አድንሃለሁ ብሎ ኪዳን ገባለት፤ ዘመኑም 5,500 በተፈጸመ ጊዜ የፍጡሩን ሥጋ ለብሶ ተወለደ። መፍጠር ማለት ይህ ነው፤ የሠሩትን እስከ መጨረሻው መፈለግ።

እንግዲህ ይህ ነገር የሚወቅሰው የአውሮፓን ሊቃውንት ብቻ አይደለም። ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን አጥምቀን ስም እናወጣላቸዋለን። ከዚያስ በኋላ? ወልዶ ያላሳደገ አባት፣ አበ ልጅ ሆኖ የክርስትና ልጁን መልክ የማያውቅ ሰው፣ የንስሐ ልጁን ዓመት ሙሉ ሳይጠይቅ የሚኖር ካህን ከዚያ ሊቅ በምን ይለያል? የተተወ ልጅ ወጥቶ ክፉ ሥራ በሠራ ጊዜ ሁላችን ችቦ ይዘን ከመሮጣችን በፊት፣ ልጅ አበባ እንዳልሆነች ያስተማረው ማን ነበር ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

2. ከባሕር ስለ ወጣው አውሬ

ሁለተኛው ፊልም የጃፓን ነው። በ1954 ማርች 1 ቀን አሜሪካ በፓሲፊክ ውቅያኖስ በቢኪኒ ደሴቶች የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። ኃይሉ 15 ሚሊዮን ቶን ፈንጂ ያህል ነበር፤ ይኸውም በ1945 በሂሮሺማ ላይ ከተጣለው አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ከገመቱት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስሙ በቋንቋቸው “ዕድለኛ ዘንዶ” ማለት በሆነ በአንድ የዓሣ አጥማጆች መርከብ ላይ ነጭ አመድ ዘነበ፤ 23ቱም አጥማጆች ታመሙ። የመርከቡ የራዲዮ ሠራተኛ ኩቦያማ አይኪቺ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሞተ።

ከዚህ በኋላ በኖቬምበር ወር “ጎጂራ” የተባለው ፊልም ለሕዝብ ታየ፤ በሌላው ዓለም ጎድዚላ የሚባለው ነው። ያዘጋጀው ኢሺሮ ሆንዳ በጦርነቱ ጊዜ በቻይና ወታደር ሆኖ የኖረ፣ ወደ አገሩ ሲመለስም በሂሮሺማ ፍርስራሽ በኩል ያለፈ ሰው ነው። አውሬው ቁመቱ 50 ሜትር ነው ይባል እንጂ በውስጡ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው ከባድ የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው ነበር። ይህን ዐውቆም የጃፓን ሕዝብ በአዳራሹ ውስጥ አለቀሰ። በፊልሙ መጀመሪያ በብርሃን ተመትተው የሚሰጥሙት መርከበኞች እነማንን እንደሚያሳስቡ ያውቅ ነበርና። ከተማይቱ ስትቃጠል አንዲት እናት ልጆችዋን አቅፋ ከግድግዳ ሥር ተቀምጣ፣ አሁን ወደ አባታችሁ እንሄዳለን እያለች ታጽናናቸዋለች። ይህ ለጨዋታ የተፈጠረ ነገር ሳይሆን ያ ሕዝብ በዐይኑ ያየው ነው።

በፊልሙ እንደሚነገረው አውሬው ከጥንት ጀምሮ በባሕር ጥልቅ የኖረ ነው፤ የቀሰቀሰው ግን የሰው ቦምብ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን ያነበበ ካህን ይህን ነገር እንግዳ አያደርገውም። ሄኖክ በምዕራፍ 7ና 8 እንደሚናገረው፣ ከተቀደሰው ተራራ የወረዱት ሰይፍንና ጋሻን መሥራት፣ ሌላም የተሰወረ ጥበብ ለሰው አስተማሩ፤ ሊቃውንቶቻችን እነዚህን የሴት ልጆች ናቸው ብለው ይተረጕማሉ። ከእነርሱም ረዓይት የሚባሉ ግዙፋን ተወለዱ፤ እነዚያም መጀመሪያ የሰውን ድካም ሁሉ በሉ፤ ድካሙ ባልበቃቸው ጊዜ ሰውን ራሱን በሉ። ፍቅርና ፈሪሃ እግዚአብሔር ያልቀደሙት ጥበብ የሚወልደው ይህን ነው። መጀመሪያ የሠሪውን ገንዘብ፣ በኋላም ሠሪውን ይበላል።

በዚሁ ፊልም ሴሪዛዋ የሚባል ሊቅ አለ። በባሕር ውስጥ ያለውን ሕይወት ሁሉ የሚያጠፋ ነገር አግኝቶ ሳለ፣ የዓለም ገዦች እጅ እንዳይገባ ብሎ ሰውሮታል። አውሬውን ለማጥፋት ቢለምኑትም እንቢ አለ። በመጨረሻ ልጃገረዶች ስለ ሰላም ሲዘምሩ ሰምቶ ልቡ ተሰበረ። ጽሑፉን ሁሉ በእሳት አቃጥሎ፣ ወደ ባሕር ወርዶ አውሬውን ካጠፋ በኋላ፣ ምስጢሩ ከእርሱ ጋር ይቀበር ዘንድ የራሱን የአየር ቧንቧ ቈረጠ። ቤተ ክርስቲያን ራስን ማጥፋት አትባርክም፤ እኛም አንባርከውም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ከዚህ ይቀርልናል። ማድረግ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ይገባልን? ሰው ያወቀውን ክፉ ነገር ከመሸጥና ከመመካት ይልቅ ማቃጠልን የሚመርጠው በምን ኃይል ነው? እኛ የዚያን ኃይል ስም እናውቀዋለን፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። አበው ባሪያ ቅጣትን፣ ምንደኛ የዋጋውን መቅረት፣ ልጅ ግን የአባቱን ማዘን እንደሚፈራ ያስተምራሉ። ዓለምን ከቦምብ የሚጠብቃት ይህ ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም፤ ቅጣት የማይደርስበትና ዋጋው የማይቀርበት የመሰለው ኃያል ሁልጊዜ ይነሣልና።

3. ተኝተው ስለ ተለወጡት

ሦስተኛው ፊልም በ1956 በዶን ሲገል አዘጋጅነት በአሜሪካ የተሠራ ሲሆን፣ ስሙ “የሥጋ ነጣቂዎች ወረራ” ማለት ነው። በዚህ ፊልም ጥርስ ያለው አውሬ የለም። በካሊፎርኒያ በምትገኝ ሳንታ ሚራ በተባለች የልብ ወለድ ከተማ አንድ ልጅ እናቴ እናቴ አይደለችም እያለ ያለቅሳል። አንዲት ሴትም አጎቴ መልኩም ድምፁም የእርሱ ነው፤ እርሱ ግን አይደለም ትላለች። ነገሩ ሲመረመር ከሰማይ የወረዱ ዘሮች ታላላቅ ቅርፊት አብቅለው፣ በውስጡ የሰውን መልክ እያስመሰሉ ያበጃሉ። ሰውየው በተኛ ጊዜ ይተኩታል። በማግሥቱ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ጎረቤቱን ሰላም ይላል፤ ነገር ግን ፍቅር የለውም፤ ኀዘንም የለውም። ከተለወጡትም ወገን አንዱ፣ ፍቅር ከሌለ ጭንቀትም የለምና አትፍሩ እያለ ይሰብካል።

ከሦስቱ ፊልሞች እጅግ የሚያስፈራን ይህ ነው። ፍራንከንስታይን የሠራው ፍጡር ከሩቅ ይታወቃል፤ ጎጂራ ሲመጣ ምድር ትናወጣለች። ይህ ግን የእናትን መልክ ለብሶ ከማዕድ ይቀርባል። የሚገባበትም በር እንቅልፍ ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱን ተግተው እንዲጸልዩ ያዘዛቸው፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ማሕሌትን፣ ሰዓታትንና ኪዳንን በሌሊት የሠራችው ስለዚህ አይደለምን? ጠላት እንክርዳዱን የዘራው ሰዎች ሲተኙ እንደ ሆነ ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 13 ጽፎልናል።

ሰው ፍቅርን የሚያጣው በአንድ ቀን በደል ብቻ አይደለም። ቀስ በቀስ ያንቀላፋል። ይጾማል፤ ይሰግዳል፤ ነጠላውን አጣፍቶ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል፤ በደጀ ሰላሙ የተቀመጠውን ነዳይ ግን እንደ ድንጋይ ዐልፎት ይሄዳል። መልኩም ድምፁም የክርስቲያን ነው፤ እርሱ ግን አይደለም። ይህን በመጀመሪያ የሚያውቅበት ሕፃን ልጁ ነው። ልጅ ስለ አባቱ መለወጥ በሚያለቅስ ጊዜ፣ አባት ልጁን ከመገሠጹ አስቀድሞ ራሱን ይመርምር።

4. መስቀል ክታብ አይደለም

በ1931 ከፍራንከንስታይን ጥቂት ወራት ቀድሞ ቤላ ሉጎሲ የሠራበት “ድራኩላ” የተባለው ፊልም ታይቶ ነበር። በዚያም ደም የሚመጥጠው ክፉ፣ መስቀል ባዩበት ጊዜ ፊቱን ሸፍኖ ይሸሻል። አንዳንድ ምእመናን ይህን አይተው ደስ ይላቸዋል። መስቀል ኃይላችን መሆኑን እኛም እናምናለን። ነገር ግን በፊልሙ መስቀሉ የሚሠራው እንደ መድኃኒትና እንደ ክታብ ነው፤ የያዘው ሰው ንስሐ ይግባ አይግባ፣ ይመን አይመን አይጠየቅም። የአስቄዋ ሰባት ልጆች የኢየሱስን ስም እንዲሁ እንደ መሣሪያ ሊጠቀሙበት ሞክረው፣ ክፉው መንፈስ አላወቃቸውምና ቈስለው ዕራቁታቸውን እንደ ሸሹ የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 19 ይመሰክራል። መስቀል በአንገታችን ላይ ከማሰራችን ጋር የተሰቀለበትን ፍቅር በልባችን ካልያዝን፣ ጨርቅና እንጨት ይዘናል ማለት ነው።

5. ቤተ ክርስቲያን ስለ ጭራቅ የምትናገረው

በፍራንከንስታይን ፊልም ጭራቁን የሚያሸንፉበት መንገድ እሳት ነው። የፍራንከንስታይንን ፍጡር የመንደሩ ሰው ሁሉ ችቦ ይዞ አሳድዶ በነፋስ ወፍጮ ውስጥ ያቃጥለዋል። ቤተ ክርስቲያንም ስለ ጭራቅ የምትናገረው ታሪክ አላት፤ ፍጻሜው ግን ሌላ ነው።

የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታሰበውን በላዔ ሰብእን አስቡ። የቅምር አገር ሰው ነበረ፤ እንግዳ ተቀባይም ነበረ። ሰይጣን እንግዳ መስሎ አሳተውና ልጁን አርዶ ቀመሰ፤ ከዚያም 78 ነፍስ በላ። ከዚህ የሚከፋ ጭራቅ ማን ሊያስብ ይችላል? ሆኖም ለአንድ በቍስል ለተመታ ለማኝ በእመቤታችን ስም እፍኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድም ቀን ያ እፍኝ ውኃ በእመቤታችን አማላጅነት ከ78ቱ ነፍስ በለጠ። እንዲሁም ኅዳር 25 ቀን በሚነበበው በቅዱስ መርቆሬዎስ ታሪክ፣ የሰማዕቱን አያት የበሉት ሁለቱ ገጻተ ከለባት በእግዚአብሔር ኃይል ገርተው ለአባቱ አገልጋዮች ሆነዋል። የአቡነ አረጋዊን ታሪክ የሚያውቅም፣ ጻድቁን ወደ ደብረ ዳሞ ያወጣቸው ዘንዶ እንደ ሆነ ያውቃል። በእምነት ዘንድ የሚያስፈራው ፍጥረት ምሕረት የሚደርስበት ፍጥረት ነው።

ከሁሉም በላይ ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 5 የጻፈውን እናስተውል። በጌርጌሴኖን አገር አንድ ሰው በመቃብር ውስጥ ይኖር ነበር። ሰንሰለት ይበጥስ፣ ሌሊትና ቀን ይጮኽ፣ ሥጋውን በድንጋይ ይቈርጥ ነበር። የአገሩ ሰዎች ያወቁለት መድኃኒት ሰንሰለት ብቻ ነው። ጌታ ግን ቀርቦ ስም ጠየቀ፤ ሌጌዎንንም አውጥቶ ሰውየውን ነጻ አወጣው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር እጅግ ያስደንቃል። ወንጌሉ የአገሩ ሰዎች ፈሩ ብሎ የጻፈው ሰውየው በመቃብር ሲጮኽ አይደለም፤ ልብስ ለብሶ፣ ልቡም ተመልሶለት፣ ተቀምጦ ባዩት ጊዜ ነው። ጌታንም ከአገራቸው እንዲወጣላቸው ለመኑት። ጭራቁን ለምደውት ኖረዋል፤ የዳነውን ሰው ግን አልቻሉትም። ለምን? ጭራቅ የሚሉት ሰው ከዳነ፣ እነርሱም ራሳቸውን ሊመረምሩ ነውና።

እኛስ ከእነርሱ እንሻላለንን? ብረት ስለ ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ስለ ሠራች፣ ቡዳ ናቸው ተብለው ከማዕድና ከጋብቻ የተለዩ ወንድሞችና እኅቶች በአገራችን አልነበሩምን? ሥጋ ደዌ የያዘው ከሰፈር አልተባረረምን? ያ ሁሉ ሰው የጥያቄ ምልክት ተደርጎበት ስሙን አጥቷል። በፊልሙ የመንደሩን ሰው ችቦ አይተን አሕዛብ ናቸው ከማለታችን በፊት፣ በእጃችን ያለውን እንመልከት። ቡዳ ብሎ ጎረቤቱን የሚያርቅ ክርስቲያን በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረትን ታቦት ቢያጅብ ምን ይጠቅመዋል?

6. የሚገባን ሥራ

እንግዲህ ለወላጆችና ለካህናት ጥቂት ምክር ሰጥተን እንፈጽም።

አንደኛ፤ ሕፃናት እውነቱንና ሐሰቱን ለመለየት ሳይደርሱ እንዲህ ያሉ ፊልሞች አይታዩላቸው። የጎለመሱት ቢያዩም ብቻቸውን አይተዉ። ጭራቁን የሠራው ማን ነው? ማን ተወው? ሰዎቹስ ምን ማድረግ ይገባቸው ነበር? ብሎ የሚጠይቃቸው አባት ወይም እናት በአጠገባቸው ይኑር። ፍርሃትን ከማየት ጋር ከፍርሃት በላይ ያለውን ይማራሉ።

ሁለተኛ፤ ፊልሙን የሚከለክል ወላጅ ራሱ ልጁን በፍርሃት አያሳድግ። ማታ ማታ ጅብ መጣብህ፣ ለቄሱ እነግርብሃለሁ እያሉ ልጅን ማስተኛት ምን ማለት ነው? ጅቡና ቄሱ በአንድ ስፍራ ተቈጥረው ያደገ ልጅ፣ ካደገ በኋላ ለንስሐ ወደ ካህን እንዲመጣ እንዴት ይጠበቃል? ልጁ በሌሊት ደንግጦ በነቃ ጊዜ አይሣቅበት፤ በስመ አብ ብሎ አማትቦ አቡነ ዘበሰማያትን ከወላጁ ጋር ይድገም፤ በፊቱ ላይም ያማትቡለት።

ሦስተኛ፤ ካህናት በዐውደ ምሕረት ስለ አጋንንት ሲያስተምሩ የሕዝቡን ድንጋጤ እንደ ፍሬ አይቍጠሩት። አዳራሹ ያስደነግጣል፤ ለዚያ ገንዘብ ይቀበላል። መቅደሱ ግን ከድንጋጤ ሊያወጣ ተሠርቷል። ሰው ከስብከታችን ወጥቶ ሰይጣንን ከቀድሞው አብልጦ ፈርቶ፣ ባልንጀራውን ግን ከቀድሞው አብልጦ ሳይወድ ቢቀር፣ የሲኒማውን ሥራ ሠራን እንጂ የወንጌሉን አልሠራንም።

ሐዋርያው ዮሐንስ በፊተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 4 ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ እንደሚጥል አስተምሮናል። ሰው የሠራውን የማይተው፣ ያወቀውን በፈሪሃ እግዚአብሔር የሚይዝ፣ በፍቅር ነቅቶ የሚኖር ከሆነ ጭራቅ የሚወለድበት ስፍራ አይገኝም። ስም የጠፋባቸውን በስማቸው ጠርተን ከማዕዳችን እንድናቀርብ፣ የሠራንን ሳይተወን የፈለገን አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።